ጠቋሚውን በጆሮ መምራት
የዐይነ ስውራንና የኮምፒዩተር ማውስ ታሪክ

አርብ ገበያ በታች ጋይንት የምትገኝ፣ ስሟንም ከገበያ ቀኗ የወሰደች ከተማ ናት። እኔ ልጅ ሳለሁ በዚያ ገበያ ከማይጠፉት ሰዎች አንዱ፣ ወጣትነታቸውን በድጓ ትምህርት ያሳለፉ አንድ ዐይነ ስውር ሽማግሌ ነበሩ። ሕዝቡ «የኔታ» እያለ ይጠራቸዋል። የኔታ ከገበያው የሚገቡት ያለ መሪ ነበር። ከብት ተራውን በጩኸቱ፣ እህል ተራውን በስፍሪያው ኮሽታ፣ በርበሬ ተራውን ደግሞ በሚያስነጥሰው ሽታው እየለዩ፣ ከሚፈልጉት ነጋዴ ፊት ቀጥ ብለው ይቆማሉ። እኛ ልጆች ነገሩን እንደ ተአምር እንቆጥረው ነበር። እሳቸው ግን ተአምር የሚባል ነገር እንደሌለበት፣ ሁሉ በየቦታው እስካለ ድረስ መንገዱ እንደማይጠፋቸው ይነግሩን ነበር።

ይህን ትዝታ ያመጣሁት ከርእሴ ለመራቅ አይደለም። ዐይን ሳይኖር በአንድ ሰፊ ገጽ ላይ የተወሰነችን ነጥብ እንዴት ማግኘት ይቻላል? በኮምፒዩተር ማውስና በዐይነ ስውሩ ሠራተኛ መካከል ያለው ችግር በሙሉ ከዚህ ጥያቄ የሚመነጭ ነው።

እንደሚታወቀው ጋይንት የሊቃውንት አገር ነው። ቤተልሔም በድጓ፣ ዙር አባ በዝማሬና በመዋሥዕት የታወቁ ጉባኤ ቤቶች ናቸው። በእነዚህ ቤቶች ተማሪው ዜማውን ከመምህሩ አፍ ተቀብሎ በቃሉ ይይዛል። ዐይነ ስውሩም ከጓደኞቹ እኩል ሊቀመጥ የቻለው ዕውቀቱ እንደ ክር የሚተረተር፣ አንዱ ሌላውን ተከትሎ የሚመጣ ስለ ሆነ ነው። (የዚያ ዘመን ዐይነ ስውር ኑሮው የተደላደለ ነበር ማለቴ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኛል፤ የኔታም በእርጅናቸው የዘመድ ቤት ጥገኛ ነበሩ።)

የመጀመሪያዎቹ የግል ኮምፒዩተሮችም ጠባያቸው ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። ስክሪኑ የሚይዘው 25 መስመር፣ በእያንዳንዱም መስመር 80 ፊደል ነበር። ፊደሉ በማሽኑ ማኅደር ውስጥ በፊደልነቱ ተቀምጦ ስለሚገኝ፣ አንድ ፕሮግራም ከዚያ እያነሣ ወደ ድምፅ ቢለውጠው ዐይነ ስውሩ ሥራውን ለመሥራት አይቸገርም። የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪ የነበረውና እ.ኤ.አ. በ1978 በመኪና አደጋ ዐይኑን ያጣው አሜሪካዊው ቴድ ሄንተር እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው «ጆስ» የተባለው ስክሪን አንባቢ መነሻው ይኸው ነበር።

ነገር ግን ስክሪኑ ራሱ በመለወጥ ላይ ነበር። ዳግላስ ኤንግልባርት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1968 በሳን ፍራንሲስኮ ለሕዝብ ያሳየው ማውስ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ከማኪንቶሽ ጋር በየጠረጴዛው ላይ መቀመጥ ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ስክሪኑ የፊደል መስመር መሆኑ ቀርቶ ሥዕል ሆነ። ለሚያየው ሰው ሥራው ቀለለ፤ ጣቱን ወደፈለገው ሥዕል ልኮ አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ሆነ። ዐይነ ስውሩ ግን የሚነበብ ክር ጠፋበት። ማውሱን ቢይዘው እንኳ እጁ የት እንዳለ እንጂ ጠቋሚው የት እንደ ደረሰ የሚነግረው የለም። በቴክኖሎጂ ታሪክ ለብዙዎች በር የከፈተ ነገር ለጥቂቶች በር ሲዘጋ የታየበት፣ ከዚህ ይበልጥ ግልጥ የሆነ ምሳሌ አላውቅም።

የመጀመሪያው መልስ የመጣው እዚያው ማኪንቶሽ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በርክሊ ሲስተምስ የተባለው ድርጅት ያወጣው «አውትስፖክን» ጠቋሚውን በቁጥር ቁልፎች እያዘዋወረ፣ የደረሰበትን በድምፅ የሚናገር ፕሮግራም ነበር። የዊንዶውስ ስክሪን አንባቢዎችም ተከተሉ። ዘዴያቸው ረቀቅ ያለ ነበር፤ ኮምፒዩተሩ ስክሪኑን ሲሥል ትእዛዞቹን በመንገድ እየጠለፉ፣ ምን በየት እንደ ተሣለ የሚያስረዳ ስውር ግልባጭ ያዘጋጁ ነበር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1997 እያንዳንዱ ቁልፍ ስሙንና ተግባሩን ለስክሪን አንባቢ የሚገልጥበትን ሥርዓት ሲያወጣ ጠለፋው ቀስ በቀስ ቀረ። ይህ ግን የፕሮግራሙን ሠሪ ፈቃድ ይጠይቃል። ሠሪው ለቁልፉ ስም ካልሰጠው ስክሪን አንባቢው የሚያነበው አያገኝም።

እንግዲህ ተጨማሪ መሣሪያዎቹ የተፈለጉት ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። በሕፃንነታቸው በዐይነ ስውራን የሙዚቃ ካምፕ የተዋወቁት ማይክል ከረንና ጄምስ ቴህ የተባሉ ሁለት ዐይነ ስውራን አውስትራሊያውያን፣ ከረን እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረውን ኤን ቪ ዲ ኤ የተባለ ስክሪን አንባቢ በነፃ ለዓለም አበረከቱ። ዋናው ፕሮግራም ማውስን በሚመለከት ራሱ ጥቂት የሚያስደንቁ ነገሮች አሉት። ጠቋሚው በስክሪኑ ላይ ሲሄድ ድምፅ እንዲያሰማ ማድረግ ይቻላል፤ ወደ ላይ ሲወጣ ድምፁ ይቀጥናል፣ ወደ ታች ሲወርድ ይወፍራል፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲሄድ ደግሞ ከጆሮ ወደ ጆሮ ይሻገራል። ለዜማ ጆሮው ለሠለጠነ ሰው ይህ ቋንቋ እንግዳ የሚሆንበት አይመስለኝም።

በዚህ ላይ የሚቀጠለው «ጎልደን ከርሰር» የተባለው ተጨማሪ መሣሪያ ደግሞ ሁለት ነገር ይጨምራል። አንደኛ፣ ተጠቃሚው በቀስት ቁልፎች ጠቋሚውን በመጠነው ርምጃ እየገፋ ይወስዳል። ሁለተኛውና ዋናው፣ አንዲትን ነጥብ ካገኘ በኋላ ስም አውጥቶላት ለዚያ ፕሮግራም ብቻ እንድትቀመጥ ያደርጋል። በማግስቱ «አስቀምጥ» ወይም «አትም» ብሎ የሰየማትን ነጥብ ከዝርዝሩ ቢመርጥ ጠቋሚው ሄዶ እዚያው ያርፋል። መሣሪያው የሚያውቀው ግን ቁልፉን ሳይሆን ቦታውን ነው። መስኮቱ ቢዛወር ወይም የስክሪኑ ልክ ቢለወጥ ጠቋሚው ባዶ ሜዳ ላይ፣ ከዚያም ሲብስ ሌላ ቁልፍ ላይ ይወድቃል።

ወደ አገራችን እንመለስ። የሰበታ መርሐ ዕውራንና መሰሎቹ ትምህርት ቤቶች ያወጧቸው ተማሪዎች ብሬልን ይዘው እስከ ዩኒቨርሲቲ ደርሰዋል። የኢትዮጵያ ዐይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበርም በ1952 ዓ.ም. ተቋቁሟል። ኮምፒዩተር በድምፅ ሲመጣ፣ ራሳቸው ዐይነ ስውር የሆኑት ዶክተር ታምሩ ኢ. በላይ በአዲስ አበባ የመሠረቱት ማእከል ለብዙዎች የመጀመሪያው በር ሆነ። ሆኖም የአማርኛው ጽሕፈት የራሱ መሰናክል ነበረበት። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በየመሥሪያ ቤቱ ይሠራባቸው የነበሩት የአማርኛ ፕሮግራሞች ፊደላችንን በላቲን ቁጥሮች ላይ ጭነው ያስቀምጡት ነበር። ለሚያየው ዐይን «ሀ» የሆነው ለስክሪን አንባቢው ትርጕም የሌለው ምልክት ነበር። ዛሬ ኢስፒክ ኤን ጂ የተባለው የድምፅ ፕሮግራም፣ ለጆሮ ሻካራ ቢሆንም፣ አማርኛ ያነባል።

ስለዚህ የፊደሉ ችግር ቀሏል፤ የቁልፉ ግን አልቀለለም። በአገር ውስጥ የሚሠሩ የመዝገብና የሒሳብ ፕሮግራሞች ስም በሌላቸው ሥዕሎች ተሞልተው ሳይ፣ ጥፋቱን ለድህነት መስጠት ያቅተኛል። ለአንድ ቁልፍ ስም መስጠት ከሠሪው የሚጠይቀው አንዲት መስመር ጽሑፍ ነው። አዋጅ ቁጥር 568/2000 ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ተስማሚ የሥራ ሁኔታ የማመቻቸትን ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። ከስማዳ ማዶ ባለው በአማራ ሳይንት ተወልደው በአምስት ዓመታቸው ዐይናቸውን ያጡት የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤም እ.ኤ.አ. በ2017 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበሉት ለዚህ መሰሉ መብት በመሟገታቸው ነው። ፕሮግራም ሲገዛ ግን፣ ዐይነ ስውር ሠራተኛ ይሠራበት እንደ ሆነ ጠያቂው ጥቂት ነው። ከጠያቂዎቹ መካከል እኛ የማኅበሩ አባላት ስንት እንደ ሆንን ለየራሳችን እተዋለሁ።

ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ዐይነ ስውር ወጣት አውቃለሁ። የመዝገብ ክፍሉ ፕሮግራም አንዱም ቁልፍ አይነበብለትም ነበር። ከጎኑ የተቀመጠችው ባልደረባው አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ጠቋሚውን ወደየቁልፉ እያደረሰችለት፣ እሱ አሥራ አራት ነጥቦች እየሰየመ አስቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ስምንት ወር ያህል ማንንም ሳይጠራ ሠራ። የሚያየው ሰው ካስገባው መዝገብ የእሱ የተለየ አልነበረም።

የየኔታም ነገር መጨረሻው እንደዚሁ ነበር። አንድ ክረምት በርበሬ ተራው ወደ ላይኛው ሜዳ ተዛወረ፤ የነገራቸው ሰው አልነበረም። እሳቸውም በለመዱት መንገድ ሄደው፣ ከብት መካከል ገብተው ቆሙ።

የወጣቱ መሥሪያ ቤትም ለሁሉም ሠራተኛ አዲስና ሰፊ ስክሪን ገዛ። በመጀመሪያው ጧት «አስቀምጥ» ያላት ነጥብ «ሰርዝ» ላይ አረፈች፤ አንድ የባለጉዳይ መዝገብም ጠፋ። የክፍሉ ኀላፊ ወጣቱን ከኮምፒዩተሩ አንሥተው ስልክ እንዲቀበል መደቡት። ባልደረባው ግን ከሥራ ሰዓት ውጪ ቆይታ አሥራ አራቱን ነጥቦች እንደገና ከእሱ ጋር አስቀመጠች። ሲጨርሱ ጥበቃው መብራቱን ሊያጠፋ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር።