ተቆርጦ የበቀለ አልማዝ

ከኮሎራዶ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ ከዋዮሚንግና ከዩታ ድንበር አጠገብ፣ ዳይመንድ ፒክ የሚባል ተራራ አለ። የስሙን አልማዝ ግን አብቅሎ አያውቅም። ስሙን ያተረፈው አፄ ዮሐንስ 4ኛ አክሱም ላይ ዘውድ በጫኑበት በ1872 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአደባባይ ከተጋለጠ ትልቅ ማጭበርበር ነው።

ነገሩን የጠነሰሱት ፊሊፕ አርኖልድና ጆን ስላክ የተባሉ የኬንታኪ ዘመዳሞች ናቸው። አርኖልድ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የአልማዝ ጥርስ ያላቸውን መሰርሰሪያዎች በሚያቀርብ ድርጅት ይሠራ ስለነበር፣ ለጌጥ የማይሆነውን ርካሽ አልማዝ ከየት እንደሚያገኝ ያውቃል። ሁለቱ ሰዎች በከረጢት የያዙትን ድንጋይ «ከበረሃ አገኘነው» ብለው አስወሩ። ወሬው የከተማዋ ስመ ጥር ባለባንክ ዊልያም ራልስተን ጆሮ ገባና ልቡን ሰረቀው። ሰዎቹ ደግሞ ለንደን ተሻግረው በ20,000 ዶላር ገደማ ጥሬ ድንጋይ ሸማመቱና ከፊሉን ወስደው መሬት ላይ ዘሩት።

ራልስተንና አብረውት የገቡት ባለሀብቶች የዋሆች አልነበሩም፤ ናሙናው በባለሙያ ይታይልን አሉ። የታየውም ኒው ዮርክ ላይ፣ ጄኔራል ጆርጅ ማክሌላንና የጋዜጣ አሳታሚው ሆራስ ግሪሊ በተገኙበት፣ በቻርልስ ቲፋኒ ነው፤ እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራው ጌጣጌጥ ቤት መሥራች። ቲፋኒ ድንጋዮቹን አገላብጦ አየ፣ ለሱቁ ድንጋይ ቆራጭም አሳየ። የተሰጠው ግምት 150,000 ዶላር ነበር።

የታሪኩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ብዙ ጊዜ ሲተረክ ወቀሳው በባለሀብቶቹ ስግብግብነት ላይ ያርፋል፤ እኔን የሚገርመኝ ግን የቲፋኒ ስሕተት ነው። ሰውየው አልማዝ የሚያውቀው ተቆርጦና ተወልውሎ፣ ለአንገት ወይም ለጣት ከደረሰ በኋላ ነው። እሱም ሆነ ቆራጩ ከመሬት እንደወጣ ያለ ድንጋይ ብዙ አላዩም። ጥሬ አልማዝ ደግሞ የአሞሌ ስባሪ ይመስላል፤ ደብዛዛ ነው፣ አያብረቀርቅም። ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ ጌጥ እንደሚሆን፣ ምን ያህሉ ተፈጭቶ ዱቄት እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ዓመታትን በጥሬ ድንጋይ ላይ ያሳለፈ ብቻ ነው።

ግምቱ ከተሰጠ በኋላ የሚያቆም አልተገኘም። ሄንሪ ጃኒን የተባለ የተከበረ የማዕድን መሐንዲስ በ1872 ጁን ላይ ቦታው ድረስ ሄዶ ያየውን አመነ። በ10 ሚሊዮን ዶላር ካፒታል ኩባንያ ተቋቋመ።

ጉዱን ያፈላው ክላረንስ ኪንግ ነው። ይህ ጂኦሎጂስት ያን አገር ለዓመታት በመንግሥት ገንዘብ ሲያጠና ስለኖረ፣ አልማዝ አለ ሲባል አሳፈረውም አስደነገጠውም፤ ዓይኑ ሥር የነበረ ሀብት እንዴት አመለጠው? በኖቬምበር መጀመሪያ ከባልደረቦቹ ጋር በበቅሎ ብርዱን ተቋቁሞ ቦታውን አገኘው። በመጀመሪያው ቀን እነሱም አልማዝና ሩቢ እየለቀሙ ተደሰቱ። በማግስቱ ኪንግ መቁጠር ጀመረ። አንድ አልማዝ በተገኘ ቁጥር አሥራ ሁለት ያህል ሩቢ ይገኛል፤ ተፈጥሮ እንዲህ አትሰፍርም። ድንጋዩ የሚገኘው አፈሩ በተነካካበት ብቻ ነው። የጉንዳን ኩይሳዎቹም አጋለጡ። ሩቢ የተገኘበት ኩይሳ ሁሉ ጉንዳኖቹ ከሠሩት መግቢያ ሌላ በጎኑ በእንጨት የተወጋ ቀዳዳ ነበረው። ያልተወጋው ኩይሳ ባዶ ነው። ከቡድኑ አንዱ ደግሞ በአንድ ጎኑ የቆራጭ መሣሪያ ያረፈበት አልማዝ አንስቶ፣ ይህ መስክ አልማዙን ቆርጦ ነው የሚያበቅለው ብሎ ቀለደ ይባላል። ቀልዱ እውነት ይሁን በኋላ የተጨመረ፣ ነገሩን በአንድ ጊዜ ያስጨብጣል፤ በአልማዝ ላይ ሰው ብቻ የሚተወው ምልክት ቁርጡ ነውና።

ኩባንያው ፈረሰ። ራልስተን የባለአክሲዮኖቹን ገንዘብ ከኪሱ መለሰ። አርኖልድ በማጭበርበሩ ከተገኘው ገንዘብ አብዛኛውን ይዞ ኬንታኪ ገባ፤ ኪንግ ደግሞ በ1879 የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነ።

ታሪክ ሲያሾፍ እንዲህ ነው፤ ኮሎራዶን ከእውነተኛ አልማዝ ጋር ያገናኘው ያው መሥሪያ ቤት ሆነ። በ1975 ዴንቨር ባለው ላቦራቶሪው ውስጥ፣ ከኮሎራዶና ከዋዮሚንግ ድንበር የመጣ አንድ የድንጋይ ናሙና ለማይክሮስኮፕ እየተሞረደ ሳለ፣ ሞራጁን ራሱን የሚቧጭር ነገር ተገኘ። አልማዝ ነበር። ከዴንቨር ጎረቤት ከኦሮራ ከተማ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ከፎርት ኮሊንስ በስተሰሜን፣ በ1996 ኬልሲ ሌክ የተባለ የአልማዝ ማዕድን ማውጫ ተከፈተ። ጥቂት ዓመታት ሠርቶ ተዘጋ እንጂ ከ28 ካራት በላይ የሚመዝኑ ሁለት ድንጋዮችን ሰጥቷል። (የወርቅ ካራት ንጽሕናን ይለካል፤ የአልማዙ ግን ክብደት ነው፣ አንዱ 0.2 ግራም።) ከሁለቱ አንዱ ተቆርጦ የወጣው ጌጥ 5.39 ካራት ነበር፤ የተሸጠው በ87,000 ዶላር ነው። ከአምስት እጅ አራቱ በቆራጩ ጠረጴዛ ላይ ቀረ ማለት ነው።

ፒያሳ ወርቅ ቤት እያየ ላደገ ሰው ይህ ኪሳራ ነው። እኛ ጌጥ የምንገዛው በሚዛን ነው፤ ስንት ግራም፣ ባለ 18 ወይስ ባለ 21፣ የእጅ ሥራው ስንት። አልማዝ በዚህ ሒሳብ አይገዛም። ቀለሙንና ጥራቱን መሬት ሰጥታዋለች፤ ክብደቱን ቆራጩ ይቀንሰዋል እንጂ አይጨምርለትም። ሙሉ በሙሉ የሰው እጅ የሆነው አቆራረጡ ነው፤ ድንጋዩን ብርሃን የሚያስተፋውም እሱ ነው።

የአቆራረጡን ሒሳብ አጥርቶ የጻፈው ማርሴል ቶልኮውስኪ ነው፣ ከአንትወርፕ የአልማዝ ቆራጮች ቤተሰብ የተወለደ ወጣት መሐንዲስ፣ በ1919። ብርሃን በድንጋዩ ላይኛ ገጽ ይገባል፣ ከታችኛው ሾጣጣ ግድግዳ ይነጥራል፣ ወደ ትይዩው ግድግዳ ይሻገራል፣ ከዚያ ወደ ተመልካቹ ዓይን ይመለሳል። እንዲመለስ ግን የታችኛው ግድግዳ ማዘንበል 40.75 ዲግሪ፣ የላይኛው 34.5 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን ይመረጣል አለ። ዛሬ ቆራጮች ከዚያ ጥቂት ወዲህና ወዲያ ይላሉ፤ መሠረቱ ግን ያው ነው። ድንጋዩ ጠፍጣፋ ከሆነ ብርሃኑ በታች ያመልጣል፣ በመሐሉ ዙሪያም ግራጫ ቀለበት ይታያል። ከመጠን በላይ ከጠለቀ ደግሞ መሐሉ ይጠቁራል።

ታዲያ ይህን እያወቁ ለምን አጥልቀው ይቆርጣሉ? ገበያው 1 ካራት ላይ ዋጋውን ዘሎ ስለሚሰቅለው ነው። 0.95 ይሆን የነበረ ድንጋይ ሆዱ ወይም ወገቡ ወፈር ተደርጎ ቢተው 1.00 ይደርሳል። በደንብ የተቆረጠ ባለ 1 ካራት ክብ አልማዝ ስፋቱ 6.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የተደበቀ ክብደት የተሸከመው ግን ወደ 6 ሚሊሜትር ሊወርድ ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ በደንብ የተቆረጠ ባለ 0.90 ከላይ ሲታይ ይበልጠዋል። ሚዛን የሚያመልክ ገዢ ትልቁን ክፍያ ለትንሹ ድንጋይ ይፈጽማል።

ኦሮራ ውስጥ ለሠርግ የሚዘጋጁ ልጆቻችን ከአገር ቤቱ ወርቅ ሌላ የአልማዝ ቀለበት ጨምረዋል፤ ወላጅም አብሮ ይሄዳል፣ ዋጋም ይከራከራል። የጌጣጌጥ ሱቅ ጣሪያ ግን በትናንሽ ሹል መብራቶች የተሞላ ነው፤ ከዚያ ሥር ክፉ ቁርጥም ይንቦገቦጋል። ድንጋዩን ወደ መስኮት አስጠግቶ፣ ደግሞም በእጅ ጥላ ጋርዶ ማየት አይከፈልበትም። የምስክር ወረቀቱም ይነበብ። በ1931 የተመሠረተው የአሜሪካ የከበሩ ድንጋዮች ተቋም ከ2006 ጀምሮ ለክብ አልማዝ አቆራረጥ የራሱን ደረጃ ይሰጣል። ሞላላው፣ አራት ማዕዘኑ፣ ልብ የሚመስለው ቅርጽ ነው እንጂ የአቆራረጥ ጥራት አይደለም። ሞላላው ብዙ ጊዜ በመሐሉ የቢራቢሮ ክንፍ የመሰለ ጥቁረት ይዞ ይመጣል፤ አራት ማዕዘኑ ጥሬ ድንጋዩን ብዙም ስለማያባክን በካራት ከክቡ ይረክሳል። በላቦራቶሪ የተሠራውም ዋጋው እጅግ ቢወርድም፣ ብርሃን የሚታዘዘው ለዚያው ዲግሪ ነው።

የኛው አገር ድንጋይም ከዚህ ጣጣ አላመለጠም። በ2008 ወሎ፣ ደላንታ ውስጥ፣ ወገል ጤና አጠገብ የተገኘው ኦፓል ዛሬ በዓለም ገበያ ስም ያወጣ ሆኗል። ኦፓል እንደ አልማዝ በብዙ ገጽ አይቆረጥም፤ ተሞርዶ እንደ ጉልላት ይድቦለቦላል፣ ቀለሙ የተኛበት ንጣፍ ወዴት እንዳዘነበለ ያላየ ሞራጅም አንድ ጊዜ ሲስት ቀለሙን አፍሶ ይጥለዋል። አብዛኛው የወሎ ድንጋይ የሚሞረደው ሕንድ ውስጥ ጃይፑር ነው። ደላንታ ገደል ውስጥ ገብቶ የሚቆፍረው ወጣት የሚከፈለው የጥሬውን ዋጋ ነው፤ ከሞረዳው የሚገኘው ትርፍ ጃይፑር ላይ ይቀራል።