የበረት አፈር እንደ ታሪክ ሰነድ፦ የአፈር ኬሚስትሪና በጎንደር ደጋማ አገር የከብት ርባታ ጥንታዊነት

የጎንደር ታሪክ በትምህርት ቤት ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ዐፄ ፋሲል ከተማይቱን በ1636 ከቆረቆሩበት ጊዜ አንሥቶ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይሁን እንጂ ግንቡ ከመታነጹ ከሁለት ሺህ ዓመታት በላይ አስቀድሞ በጣና ሐይቅ አካባቢ ከብት የሚያረባና ገብስ የሚያመርት ሕዝብ ይኖር እንደነበር ማስረጃ አለ። ያ ሕዝብ የጽሑፍ ሰነድ አልተወም። የተወው ዐጥንት፣ የሸክላ ስባሪና አፈር ነው። ዐጥንቱና ሸክላው ከተመራማሪዎች ዓይን አላመለጡም፤ አፈሩ ግን ለብዙ ጊዜ ተቆፍሮ የሚጣል ነገር ተደርጎ ሲታይ ቆይቷል። ዛሬ ግን አፈሩ ራሱ እንደ ሰነድ ሊነበብ እንደሚችል ታውቋል።

ሀ. ዐጥንት የማይመልሰው ጥያቄ

ዐጥንት በዋነኛነት የሚያስረዳው ምን እንደታረደና ምን እንደተበላ ነው። ታድኖ የመጣ እንስሳም ሆነ በበረት ያደገ እንስሳ መጨረሻው አንድ ነው፤ የሁለቱም ዐጥንት ከምድጃው አጠገብ ይገኛል። በሰሜን ተራሮች ደግሞ ችግሩ ይብሳል። በዓለም ላይ በዚያ ብቻ የሚገኘው ዋልያ የፍየል የቅርብ ዘመድ ስለሆነ፣ ቀንዱ ካልተገኘ በቀር ከተሰባበረ ዐጥንቱ ብቻ ተነሥቶ ከለማዳ ፍየል ለመለየት አስቸጋሪ ነው። በዚህ ላይ ጅብና ውሻ የሚያደቅቁት፣ አሲድነት ያለው አፈርም የሚያሟሟው ዐጥንት ብዙ ነው።

በበረት የሚያድር እንስሳ ግን በሕይወት ሳለ በየሌሊቱ ሽንቱንና እበቱን በአንድ ቦታ ይጥላል። ዐጥንት የእንስሳውን ሞት ሲመሰክር አፈር ኑሮውን ይመሰክራል። ስለሆነም «እነዚህ ሰዎች እንስሳትን ያድኑ ነበር ወይስ ያረቡ ነበር?» ለሚለው ጥያቄ አፈሩ ከዐጥንቱ ይልቅ ቀጥተኛ መልስ ሊሰጥ የሚችልበት ጊዜ አለ።

የነገሩ መሠረት ለደጋው ገበሬ እንግዳ አይደለም። የጓሮ መሬት ከሩቅ ማሳ ይልቅ የሚያፈራው፣ በረት የነበረበት ቦታ ሲታረስም ሰብሉ ጎልቶ የሚታየው ከፍጉ የተነሣ መሆኑን ገበሬው ከአባቶቹ ተምሯል። የኬሚስትሪ ባለሙያው የሚያደርገው ይህንኑ ዕውቀት በመለኪያ መግለጽ ነው። እንስሳው ቀኑን በሰፊ ግጦሽ ላይ የሰበሰበውን ፎስፎረስ፣ ናይትሮጅን፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም ሌሊት በጠባብ ቦታ ያከማቻል። ስዊድናዊው የእርሻ ሳይንቲስት ኦሎፍ አሬኒየስ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የአፈር ፎስፌት ሲለካ፣ ከፍተኛ መጠን የተገኘባቸው ቦታዎች የጥንት ሰፈሮች ሆነው ማግኘቱ ለዚህ የጥናት ዘርፍ በር ከፍቷል።

ለ. ከሌሎች አገሮች የተገኘ ትምህርት

በማዕከላዊ ቱርክ አሺክሊ ሆዩክ በተባለው ጥንታዊ መንደር የተካሄደውና በ2019 የታተመው ጥናት በሽንት ጨው ላይ የተመሠረተ ነበር። ተመራማሪዎቹ በየንብርብሩ ያለውን የሶዲየም፣ የክሎራይድና የናይትሬት መጠን ለክተው፣ ከ10,400 ዓመታት በፊት ገደማ አነስተኛ የነበረው ጨው በጥቂት መቶ ዓመታት ውስጥ ከአሥር እስከ አንድ ሺህ እጥፍ ማደጉን አሳይተዋል። በስሌታቸው መሠረት በመንደሩ ለአንድ ሺህ ዓመታት ያህል በአማካይ 1,790 ሰዎችና እንስሳት በየቀኑ ይሸኑ ነበር። ይህ ቁጥር በቤቶቹ ሊኖሩ ይችላሉ ተብለው ከተገመቱት ሰዎች ብዛት እጅግ ስለሚበልጥ፣ ትርፉ የበጎችና የፍየሎች ድርሻ ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ተደርሷል።

ወደ አገራችን በሚቀርበው በደቡብ ምዕራብ ኬንያ፣ በናሮክ አካባቢ የተደረገውና በ2018 የወጣው ጥናት ደግሞ ከ3,700 እስከ 1,550 ዓመታት በፊት አርብቶ አደሮች የሰፈሩባቸውን ቦታዎች መርምሯል። የጥንቶቹ በረቶች አፈር እስከ ዛሬ ድረስ በፎስፎረስ፣ በካልሲየምና በማግኒዚየም ከአካባቢው አፈር የበለጸገ ሆኖ ተገኝቷል። ሣሩም በዚያ ቦታ ለምለም ስለሆነ የዱር እንስሳት ሳይቀሩ ይመርጡታል።

ሐ. ዘዴው በጎንደር ደጋ

ይሁን እንጂ በአንድ አገር የተሳካው ዘዴ ሳይመረመር ወደ ሌላው ሊዛወር አይገባም። አሺክሊ ሆዩክ ዝናብ ያነሰው አገር ስለሆነ በውኃ በቀላሉ የሚሟሙት የሽንት ጨዎች ሳይታጠቡ ቆይተዋል። በጎንደር ደጋ ግን የክረምቱ ዝናብ ብርቱ ስለሆነ ከጣራ ውጭ ያለው ናይትሬትና ሶዲየም ታጥቦ የሚሄድ ነው። ፎስፎረስ በአንጻሩ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘው ቀይ አፈር ውስጥ ካለው ብረትና አሉሚኒየም ጋር ስለሚጣበቅ ለረጅም ዘመን ይቆያል። በደምቢያና በፎገራ ሜዳ የሚገኘው ዋልካ መሬት ደግሞ በበጋ እየተሰነጠቀ የላይኛውን አፈር ወደ ታች ስለሚያስገባ የዘመን ቅደም ተከተልን ያዛባል። ስለዚህ በዚህ አገር በሜዳ ላይ ይልቁንም ፎስፎረስን፣ ዝናብ በማያገኛቸው የዋሻ ወለሎች ደግሞ ጨዎችንም ጭምር መፈለግ ተገቢ ይሆናል።

ዋሻዎቹም አሉ። ከጣና በስተሰሜን የሚገኘው የጎርጎራ ዋሻ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ተቆፍሮ፣ በ1943 ሉዊስ ሊኪ ያሳተሙት ጥናት በድንጋይ መሣሪያዎቹ ላይ ያተኮረ ነበር። ጆአን ዶምብሮውስኪ ደግሞ በ1960ዎቹ መጨረሻ ከጣና በስተምሥራቅ በቀድሞው በጌምድር የሚገኙትን የላሊበላና የናቻቢየት ዋሻዎች ቆፍረዋል። (ይህ የላሊበላ ዋሻ በላስታ ካለው የውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከተማ የተለየ ነው።) በዚያም ከክርስቶስ ልደት በፊት እስከ 500 ዓመት ገደማ የሚደርስ ዕድሜ ካላቸው ንብርብሮች ገብስ፣ ሽምብራና ሌሎች ጥራጥሬዎች፣ እንዲሁም የቀንድ ከብትና የበግ ወይም የፍየል ዐጥንቶች ተገኝተዋል። ከብቶቹ በዋሻው ውስጥ ያድሩ ነበር ወይስ ሥጋቸው ብቻ ይመጣ ነበር የሚለውን ግን ዐጥንቱ ብቻውን አይመልስም።

ይህን ዓይነቱን ጥያቄ ከአፈር መመለስ እንደሚቻል በአገራችን በባሌ ተራሮች ታይቷል። ከ3,400 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በፊንጫ ሐበራ ዋሻ የተካሄደውና በ2019 የታተመው ምርምር፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት አዳኞች በዚያ ይኖሩ እንደነበር አረጋግጧል። በአፈሩ ውስጥ የቀሩት ስቴሮይዶችና የሐሞት አሲዶች ሲመረመሩ፣ የጥንቱ ንብርብር የሰው ዐይነ ምድር ምልክት ሲያሳይ፣ የቅርብ ዘመኑ ንብርብር ደግሞ የሚያመሰኩ የቤት እንስሳትን ፍግ አሳይቷል። ሣር የሚበላ እንስሳ ከተክል ስብ የሚገኙ ውሕዶችን ሲተው፣ ሥጋም የሚበላው ሰው በይበልጥ ከኮሌስትሮል የሚገኙትን ይተዋልና።

መ. ጥንቃቄና ኃላፊነት

በደጋው ኑሮ እበት ከበረት ውጭም ብዙ አገልግሎት እንዳለው መዘንጋት አይገባም። ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ አውድማ ይለቀለቅበታል፤ ግድግዳ ይመረግበታል። ጭላዳና ዋልያም በገደሉ ጥግ ይጠለላሉ። ስለዚህ ፎስፎረስ የበዛበት ቦታ ሁሉ በረት ነበር ማለት አይቻልም። ከሰፈሩ ውጭ ያለ አፈር ለማነጻጸሪያ መወሰድ፣ የተለያዩ ምልክቶችም አንድ ላይ መታየት አለባቸው። በዚህ ረገድ በረቱ የት እንደነበረ የሚያስታውሱ የአገር ሽማግሌዎች ለሳይንሱ ታላቅ ረዳት ናቸው፤ ሥፍራው ከታወቀ በረት የተወሰደ አፈር ላልታወቀው መለኪያ ይሆናልና።

ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው አፈር አንድ ጊዜ ከተገለበጠ ተመልሶ የማይደረደር መሆኑ ነው። የወደቀ የግንብ ድንጋይ ተመልሶ ሊካብ ይችላል፤ የተደባለቀ ንብርብር ግን ለዘለዓለም ጠፍቷል። የዋሻ ወለል ለማዳበሪያ ተብሎ ቢጠረግ፣ ወይም ዕቃ ብቻ በሚፈልግ ሰው ቢቆፈር፣ የሺህ ዓመታት መዝገብ በአንድ ቀን ይደመሰሳል። በ2000 የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ያለፈቃድ መቆፈርን የከለከለውም ያለ ምክንያት አይደለም።

የታሪክና የሳይንስ መምህራን በዚህ ጉዳይ ተባብረው ለመሥራት መልካም አጋጣሚ አላቸው። ተማሪዎች በቅርብ ከፈረሰ በረትና ከአጠገቡ ካለ ማሳ፣ በባለቤቱ ፈቃድ፣ ጥቂት አፈር ወስደው በሁለት ጣሳ ገብስ ቢዘሩ፣ ልዩነቱን በዓይናቸው ሊመለከቱ ይችላሉ። ወደ ጥንታዊ ዋሻ መሄድም ሆነ መቆፈር አያስፈልጋቸውም። ከዚህ በኋላ የጎንደር ታሪክ ሲነገራቸው፣ ታሪኩ በግንቡ እንዳልተጀመረና በእግራቸው ሥር ያለው አፈርም ከሰነዶቹ አንዱ እንደሆነ ይገነዘባሉ። አፈሩን ለሚመጣው ተመራማሪ ጠብቆ ለማቆየት የመጀመሪያው እርምጃ ይህ ግንዛቤ ነው።