ሙዚየሙን ከመጎብኘት በፊት

ወደ ለንደን የሚዘልቅ ኢትዮጵያዊ የብሪቲሽ ሙዚየምን ሳያይ መመለስ አይፈልግም። ይሁንና ይህ ቤት «ከሰዓት በኋላ ብቅ ብዬ ልየው» የሚሉት ዓይነት አይደለም። እኔ የጉብኝቱን እቅድ የማወጣው ከበሩ ተነሥቼ ሳይሆን ከታሪኩ ነው። የምንፈልገው ነገር የት እንደሚገኝ፣ የማይገኘውም ለምን እንደማይገኝ የሚነግረን ታሪኩ ነውና።

ሙዚየሙን የወለደው የአንድ ሐኪም ኑዛዜ ነው። ሰር ሃንስ ስሎን እ.ኤ.አ. በ1753 ሲሞት መጻሕፍት፣ ሳንቲሞች፣ የደረቁ ዕፅዋትና የእንስሳት ቅሪቶች የሚገኙበት ከ71 ሺህ በላይ ዕቃ ትቶ አለፈ። ምኞቱ ስብስቡ ሳይበታተን በአንድነት እንዲጠበቅ ነበር። ፓርላማውም በዚያው ዓመት ሕግ አውጥቶ ተረከበው፤ እ.ኤ.አ. በ1759 ቤቱ ለሕዝብ ተከፈተ።

መግቢያው ነጻ ቢሆንም መግባቱ ቀላል አልነበረም። ጎብኚው አስቀድሞ በጽሑፍ ያመለክታል፣ ከተፈቀደለትም ቲኬቱን ይቀበላል። ዊልያም ኸተን የተባለ የበርሚንግሃም ሰው እ.ኤ.አ. በ1784 ሁለት ሽልንግ ያህል ከፍሎ ከሌላ ሰው ቲኬት ገዝቶ ገባ። አስጎብኚው ግን ጎብኚዎቹን በግማሽ ሰዓት ያህል አጣድፎ አስወጣቸው። ኸተንም ምሬቱን በጉዞ መጽሐፉ አሰፈረው።

ዛሬ ቲኬት የሚያስለምን የለም፤ ችግሩ ሌላ ነው። አንዱ ቤት ሦስት ሆኗል። የተፈጥሮ ታሪኩ ስብስብ እ.ኤ.አ. በ1881 በደቡብ ኬንሲንግተን ወደተከፈተው ሕንፃ ተዛወረ። መጻሕፍቱና የእጅ ጽሑፎቹ እ.ኤ.አ. በ1973 ለተቋቋመው ብሪቲሽ ላይብረሪ ተሰጡ። ይህን የማያውቅ ሰው የብራና መጽሐፍ ፍለጋ ብሉምስበሪ ውስጥ ሲዞር ይውላል።

የእኛ ጉዳይ እዚህ ላይ ይመጣል። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲወድቁ፣ ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ሪቻርድ ሆምስ የተባለ የሙዚየሙ ሠራተኛ አብሮ ነበር። ወታደሮች የዘረፉት ንብረት በደላንታ ሜዳ ለጨረታ ሲቀርብ ዋናው ገዢ እርሱ ሆነ። 350 ያህል የብራና መጻሕፍትም ለሙዚየሙ ገቡ።

ስለዚህ እቅዴ የሦስት ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀን ብሉምስበሪ፤ በሁለተኛው ሴንት ፓንክራስ የሚገኘው ላይብረሪ፣ ብራናውን ገልጦ ለማየት የአንባቢ ፈቃድ አስቀድሞ ማውጣት ያስፈልጋልና፤ በሦስተኛው ደቡብ ኬንሲንግተን። እዚያ የተፈጥሮ ታሪኩን ሙዚየም አይቶ መንገዱን መሻገር ብቻ ነው፤ ከመቅደላ የሄደው የወርቅ ዘውድና ጽዋ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል።

በየትኛውም እቅድ የማይደረስበት ግን አንድ ነገር አለ። ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ 11 ታቦታት አሉ፤ አብዛኞቹም የመቅደላ ናቸው። ለእይታ አይቀርቡም፤ ጠባቂዎቻቸው እንኳ አያዩዋቸውም። በክብር ተሸፍነው ተቀምጠዋል ይባላል። ለታቦት ግን ክብሩ መቅደሱ ነው እንጂ መጋዘን አይደለም።

ይመለሱ ሲባል እ.ኤ.አ. የ1963ቱ የሙዚየሙ ሕግ ይጠቀሳል፤ ሕጉ ንብረት ማስወጣትን አጥብቆ ይገድባል። የሚገርመው የተፈጥሮ ታሪኩን ሙዚየም ከእናቱ ነጥሎ ራሱን ያስቻለውም ይኸው ሕግ መሆኑ ነው። ስሎን «አይበተን» ያለው ስብስብ እንግሊዞች ራሳቸው ሲያስፈልጋቸው በፓርላማቸው ሕግ ተከፋፍሏል። ኤዲንብራ ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የተገኘ ሌላ የመቅደላ ታቦትም እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ ሀገሩ ተመልሷል፤ ያንን የከለከለ ሕግ አልነበረምና።

ሕግ ሰው የሚያወጣው ነው፤ ሰውም ያሻሽለዋል። እስከዚያው ድረስ ለንደን የምትሄዱ አንባብያን፣ ሦስቱን ቀን መድቡ፤ ፈቃዳችሁንም ቀድማችሁ አውጡ። ያያችሁትን ስትመዘግቡ ግን ያላያችሁትንም መዝግቡ።