ውይይት ታክሲን ማን ይጻፈው?

ልጆች፣ አዲስ አበባ መኪና ያየችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ ለአጤ ምኒልክ ዎልስሌይ ይዞ መጣ። ይሄ ተጽፎ ስለተቀመጠ ምንጭ ጠቅሶ አማርኛ ዊኪፔዲያ ላይ ማስገባት ቀላል ነው።

ውይይት ታክሲስ? ፊት ለፊት ተፋጠን፣ ጉልበት ለጉልበት እየተጋጨን ከኮልፌ መርካቶ የወረድንበት! ዊኪፔዲያ የታተመ ምንጭ ይጠይቃል፤ የሾፌሮቹ ትዝታ ብቻውን አይበቃውም። ደንቡ ልክ ነው፣ ያለዚያ ሁሉም የየራሱን ወሬ ይሞላበታል። ግን ሾፌሮቹ እያረጁ ነው።

እባካችሁ ስለ ውይይት የጻፈ የድሮ ጋዜጣ ወይም መጽሔት ቤታችሁ ካለ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ። እኔ እጀምረዋለሁ። የተሳሳትኩትን እናንተ ግቡና አርሙ፤ እዚያ ቀይ እስክሪብቶ ለተማሪም ተፈቅዷል 😄