ፎልክስዋገን ኮምቢ
ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጀርመን የተመረተ መኪና ነው፤ ቬስትፋሊያ የተባለው ድርጅት ከ1951 አንስቶ የመኝታና የመመገቢያ ዕቃ እየገጠመለት የመንገደኛ ቤት አድርጎታል። እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ወጣቶች ከአውሮፓ በቱርክ፣ በኢራንና በአፍጋኒስታን አቋርጠው ካትማንዱ ድረስ የነዱት ስለማይበላሽ አልነበረም፤ ሾፌሩ ራሱ ሊጠግነው ስለሚችል ነው። ከኋላ ያለው ሞተር በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የለውም፤ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘውም በአራት ቡሎኖች ነው። የቫልቭ ክፍተቱም ሞተሩ ሲበርድ በቁልፍ፣ በካቻቢቴና በስስ የብረት መለኪያ ይስተካከላል።

አዲስ መኪና እምብዛም ስለማይበላሽ ይሻላል የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ኮምቢ ጉልበቱ አነስተኛ ነው፣ ረጅም ዳገትም ያግለዋል። ነገር ግን ዘመናዊው መኪና በረሃ ላይ ሲቆም ብዙ ጊዜ ብልሽቱን የሚያነብ ኮምፒውተር ይጠይቃል። የኮምቢ የፋን ቺንጊያ ሲበጠስ ግን ዲናሞውም ስለሚቆም ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ይበራል፤ ወዲያው ሞተሩን ያጠፋ ሾፌር ትርፍ ቺንጊያ አስገብቶ ጉዞውን ይቀጥላል።