ልጆቻችን ሲገለበጡ ማን አያቸው? ከሆለታ እስከ ናዝሬት ሰርከስ

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1976 ሞንትሪያል ላይ አንዲት የ14 ዓመት ሮማኒያዊት ልጅ በሁለት ዘንጎች መካከል ተሽከርክራ መሬት ስትረግጥ የውጤት ሰሌዳው 1.00 አለ። አዳራሹ ግራ ተጋባ። ሰሌዳውን የሠሩት ሰዎች ሙሉ አሥር የሚያገኝ ይኖራል ብለው ስላላሰቡ፣ 10.00 የሚጻፍበት ቦታ አልተዉም ነበር። ልጅቷ ናዲያ ኮማኔች ናት።

ኢትዮጵያ በዚያ ውድድር የለችም። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን አፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ፣ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ረግጣ ወጥታለች። ከዚያ ዓመት የቀረልን ቁጭት ምሩፅ ይፍጠር ሳይሮጥ መቅረቱ ነው። በጅምናስቲክስ ግን የሚያስቆጨን ሰው አልነበረንም። ዛሬም በኦሊምፒክ ጅምናስቲክስ የተወዳደረ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ያገኘነው ሜዳሊያ ሁሉ የሩጫ ነው።

ናዲያ የተገኘችው እንዴት መሰላችሁ? የስድስት ዓመት ልጅ ሆና በትምህርት ቤት ግቢ ከጓደኛዋ ጋር በእጇ እየተሽከረከረች ስትጫወት አሠልጣኝ አይቷት ነው። ይህን ሳነብ የመጣብኝ አዳማ ነው። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትወርዱ፣ ቤት በሚሠራበት ሰፈር ሁሉ የአሸዋ ክምር አለ፤ በአሸዋው ላይ ደግሞ ሮጠው ተንደርድረው በአየር ላይ የሚገለበጡ ልጆች አሉ። ባለቤቱ «አሸዋዬን በተናችሁት!» ብሎ እስኪያባርራቸው ድረስ ማለቴ ነው። ሞጆም፣ ባቱም፣ ሻሸመኔም ያው ነው። የሚገለበጥ ልጅ አጥተን አናውቅም። ጥያቄው እነዚህን ልጆች ባለፉት 90 ዓመታት ማን አያቸው፣ ለምንስ ፈለጋቸው የሚለው ነው።

ጅምናስቲክስ በመንግሥት ደረጃ ወደዚህ አገር የገባው በወታደር በኩል ነው። ከጣልያን ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የስዊድን መኮንኖችን አስመጥተው በሆለታ የገነት ጦር ትምህርት ቤትን አቋቋሙ። የስዊድን ጦር ፔር ሄንሪክ ሊንግ በ1813 ስቶክሆልም ላይ በከፈተው የጅምናስቲክስ ተቋም ትምህርት ያደገ ጦር ነው። የሊንግ ጅምናስቲክስ ውድድር አልነበረም። በሰልፍ ቆሞ፣ በትእዛዝ እጅና እግርን ማንቀሳቀስ፣ ጤናማና ታዛዥ ሰውነት መገንባት ነበር ዓላማው። ከነፃነት በኋላም በ1946 የመጣውና በኋላ የአበበ ቢቂላ አሠልጣኝ ሆኖ ዓለም ያወቀው ኦኒ ኒስካነን ከዚያው ከስዊድን ነው። ኒስካነን ከወታደሮቹ መካከል ሯጭ አወጣ። ወታደር ሲመለመል ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ስለሆነ ለሩጫ አይረፍድበትም፤ አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ 28 ዓመቱ ነበር። ለጅምናስቲክስ ግን በዚያ ዕድሜ ሁሉም ነገር አልፏል። በጦር ሠፈር የሚጀምር ስፖርት ማራቶን ሊሰጠን ይችላል፤ ናዲያን አይሰጠንም።

በትምህርት ቤት በኩል የቀረልን የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ጅምናስቲክስ የሚል ምዕራፍ አለ፤ ወደ ፊት መንከባለል፣ በእጅ መቆም ይላል። አብዛኞቻችሁ እንደምታስታውሱት፣ አንድ ምንጣፍ ለአንድ ክፍል ተማሪ ሁሉ ይዘረጋና ተራ እስኪደርሳችሁ ደወል ይደወላል። ያው ምንጣፍም ካለ ነው።

ደርግ ደግሞ ሕፃናትን በሌላ ዓይን አያቸው። ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት፣ በ1977 ዓ.ም. መስከረም፣ አዲስ አበባ ስትሸላለም የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በዝግጅቱ ነበሩበት። ሰሜን ኮሪያውያን ደግሞ የሚታወቁት ስታዲየም ሙሉ ሰው እንደ አንድ አካል በማንቀሳቀስ ነው። በእንዲህ ያለ ትርኢት አንድ ልጅ ሙሉ ፊደል እንኳ አይሆንም፤ የፊደል ቅንጣት ነው። ጎበዝ ሆኖ ከሌሎቹ በልጦ ቢዘል ሥዕሉን ያበላሻል። የውድድር ጅምናስቲክስ የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው፦ አንዷ ልጅ ብቻዋን 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው አግዳሚ ላይ ስትወጣ ሌላው ሁሉ ዝም ብሎ እንዲያያት።

ደርግ በወደቀበት ዓመት፣ በ1991፣ ሰርከስ ኢትዮጵያ ተመሠረተ። እኔ እንደማምነው የአገራችን የልጆች ጅምናስቲክስ ታሪክ በትክክል የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ስሙ ሰርከስ ስለሆነ ብቻ ከስፖርት ታሪክ አስወጥተነዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ያስተምር የነበረ አንድ ካናዳዊ ከሰፈር ልጆች ጋር የጀመረው ነገር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ መቀሌ፣ ወደ ጅማና ወደ ናዝሬት ተዛመተ። አዎ፣ ያኔ ናዝሬት ትባል የነበረችው አዳማ ከአራቱ አንዷ ነበረች። አያስገርምም። ባቡሩ የሚያልፍባት፣ የሐረርና የአሰላ መንገድ የሚለያይባት፣ ከየአቅጣጫው የመጣ ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ናት። ለሥራ ከሚያልፈው ሰው ጋር ውሎው አስፋልት ላይ የሆነ ልጅም ይበዛባታል።

ሰርከሱ ከእነዚህ ልጆች ጋር የሠራው ሥራ ትልቅ ነው። በየቀኑ ልምምድ የሚባል ነገር አመጣ፤ በሰው ትከሻ ላይ ሰው የሚቆምበት ፒራሚድ፣ ሰውነትን እንደ ጨርቅ ማጠፍ፣ ኳስና ዱላ እያፈራረቁ መወርወር። በትርኢቱ መሐል ስለ ኤችአይቪ፣ ስለ ጎዳና ሕይወት መልእክት ይተላለፋል። አየር ሜዳ አይተው የማያውቁ ልጆች አውሮፓ ደርሰው ተመለሱ። ዛሬ በ2004 የተመሠረተው ፈቃት ሰርከስ፣ ከኢትዮጵያ ወጥተው እንግሊዝ የገቡት ወንድማማቾች ቢቢና ቢቹ ያቋቋሙት ሰርከስ አቢሲኒያ፣ ሁሉም በዚያው መንገድ የሄዱ ናቸው። ሰርከስ አቢሲኒያ በ2017 ኤድንብራ ላይ ባሳየው ትርኢት የአገራችን ልጆች ሰውነት ምን እንደሚችል የውጭ ሰው ጮኾ መሰከረ። በደራርቱ ቱሉ ሕይወት ላይ የተመሠረተ ትርኢትም አላቸው።

ሌላው ወገንም መነገር አለበት። በ1990ዎቹ መጨረሻ ለትርኢት አውስትራሊያ የሄዱ ከአሥር በላይ የሰርከስ ኢትዮጵያ አባላት እዚያው ቀርተው ጥገኝነት ጠየቁ። በመሥራቹ ላይ ልጆችን አጎሳቁሏል የሚል ውንጀላ ተነሣ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ሰውየው ሞተ። እውነቱ በሕግ ፊት አልተጣራም። በእኛ አገር ግን ውይይቱም አብሮ ተቀበረ። አንድ ልጅ ምግቡን፣ ልምምዱን፣ ፓስፖርቱንና ወደ ውጭ የመሄድ ተስፋውን በአንድ ትልቅ ሰው እጅ ካስቀመጠ ምን ሊደርስበት ይችላል የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ።

«የድሃ አገር ነገር ነው» የሚል ካለ አሜሪካን ይመልከት። የብሔራዊ ጅምናስቲክስ ቡድኑ ሐኪም የነበረው ላሪ ናሳር በ2018 ሲፈረድበት ከ150 በላይ ሴቶች ችሎት ፊት ቆመው የደረሰባቸውን ተናገሩ። የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቁ ነበሩባቸው። ለዓመታት ተናግረው የሚሰማቸው አጥተዋል። በዚህ ስፖርት ውስጥ አሠልጣኙ የልጅ ወገብ ይይዛል፣ እግር ይዘረጋል፤ ያለዚያ አይሠራም። ስለዚህ በሩ ክፍት መሆን፣ ሁለተኛ ሰው መኖር፣ ወላጅ ሲፈልግ ገብቶ መቀመጥ መቻሉ የትህትና ጉዳይ አይደለም፤ የሥልጠናው አካል ነው።

አሁን ወደ አሸዋው እንመለስ። በአሸዋ የተማረ ልጅ ለውድድር ይሆናል? ድፍረቱ ከማንም ይበልጣል። ችግሩ ሰርከስና ውድድር የሚቆጥሩት ነገር መለያየቱ ነው። የሰርከስ ተመልካች በአየር ላይ ስትገለበጥ ያጨበጭባል። የጅምናስቲክስ ዳኛ ግን ጉልበትህ ታጥፎ እንደሆነ፣ እግሮችህ ተለያይተው እንደሆነ፣ ስታርፍ አንድ እርምጃ ተንሸራትተህ እንደሆነ ያያል። አፈጻጸም ከአሥር ጀምሮ እየተቀነሰ ይሄዳል፤ ከወደቅህ አንድ ሙሉ ነጥብ ሄደ። ስለዚህ ክለቦች የስድስት ዓመት ልጅ ሲቀበሉ ግልብጥ አያስተምሩም። መጀመሪያ መውደቅን ያስተምራሉ፦ ተንከባልሎ መውደቅ፣ እጅን ሳይሰብሩ መውደቅ። ከዚያ ግድግዳ ተደግፎ በእጅ መቆም፣ እግር ገጥሞ መዝለል፣ ሁለት እግር ላይ አርፎ ዝም ማለት። ለወራት ይህ ብቻ ነው። በዩቲዩብ የተማረ ልጅ በሁለተኛው ሳምንት ተሰላችቶ ቢጠፋ አልፈርድበትም።

እናም ዕድሜ አለ። ከናዲያ በኋላ ሕጉ ተቀይሯል፤ ሴት ልጅ በኦሊምፒክ የምትወዳደረው 16 ዓመት በሚሞላት ዓመት ነው። ዓለም ሕፃናትን ለወርቅ ማጣደፉን በከፊልም ቢሆን አቁሟል። ለእኛ ይህ ጥሩ ዜና ነው፤ በስድስት ዓመቷ የጀመረች ልጅ ለመሰላት አሥር ዓመት አላት።

ሰዎች «አልጄሪያ ችላለች» ሲሉ እሰማለሁ። እውነት ነው፤ ካይሊያ ንሙር በ2024 ፓሪስ በዘንጎቹ ወርቅ ስታገኝ በጅምናስቲክስ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሆናለች። ግን ንሙር የተወለደችውም የሠለጠነችውም ፈረንሳይ ነው፤ ከፈረንሳይ ፌዴሬሽን ጋር ባለመስማማቷ ነው በአባቷ አገር ስም የተወዳደረችው። ደስ ይለናል፣ ግን ለአዳማ ምሳሌ አትሆንም።

ለአዳማ የሚቀርበው ምሳሌ በቆጂ ነው። አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ እዚያ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ። ደራርቱን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን የመሳሰሉ ልጆች በእሳቸው እጅ አለፉ። መነሻቸው ያው አንድ ምንጣፍ የማይበቃው ክፍለ ጊዜ ነው፤ ልዩነቱ እሳቸው ሰዓቱ ሲያልቅ ወደ ቤት አለመሄዳቸው ነበር። ለሩጫ ዳገት ይበቃል። ለጅምናስቲክስ ወለል ያስፈልጋል፤ ውድድር የሚደረግበት 12 በ12 ሜትር ስፕሪንግ ያለው ወለል ውድ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ግን እሱ አይጠየቅም። ወፍራም ስፖንጅ፣ ንጹሕ ግድግዳ፣ ከመሬት ብዙ ያልራቀ እንጨት ይበቃል።

ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ በር አለ። አክሮባቲክ ጅምናስቲክስ የሚባል፣ በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ሥር ያለ የውድድር ዓይነት ነው። ዘንግ የለው፣ ፈረስ የለው፤ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ሰዎች ተሸካክመው፣ ተወራውረው በወለል ላይ የሚሠሩት ነው። የዓለም ሻምፒዮና ከ1974 ጀምሮ አለው፤ ኦሊምፒክ ውስጥ ባይኖርም በየዕድሜው የልጆች ውድድር አለው። የናዝሬት ሰርከስ ልጆች ከ30 ዓመት በፊት ይሠሩት የነበረው ፒራሚድ እኮ የዚሁ ዘመድ ነው! የጎደለው ዳኛ፣ ሕጉን ያነበበ አሠልጣኝና ልጆቹን በዕድሜ የሚመድብ ውድድር ነው። ፌዴሬሽኑም ሆነ የኦሮሚያ ስፖርት አመራር መጀመር ያለባቸው ከዚህ ይመስለኛል፤ ሰርከሶቹን ጠርተው።

እስከዚያው ልጃቸው ሶፋ ላይ የሚገለበጥባቸው ወላጆች ቦታ ሲመርጡ ሊጠይቁ የሚገባውን ልንገራችሁ። መውደቅ ታስተምራላችሁ ወይ? ልጄ በእጁ ሳይቆም በአየር ላይ ታገለብጡታላችሁ ወይ? ከፒራሚዱ ላይ የሚወጣው ትንሹ ልጅ ሲወድቅ የሚይዘው ማነው? ልምምድ ላይ ልቀመጥ እችላለሁ? ለትርኢት ከከተማ ሲወጡ አብሯቸው የሚሄደው ማነው፣ የት ያድራሉ? «ወላጅ ውጭ ይጠብቅ» ከተባላችሁ ልጁን ይዛችሁ ተመለሱ፤ አሸዋው ላይ ቢያንስ ጎረቤት ሁሉ ያየዋል።