ማይክሮኮንትሮለር (ደቂቅ ተቆጣጣሪ)

ደቂቅ ማለት ጥቃቅን ነው፤ ተማሪ «ደቂቅ ዘአካላት» ሲል የሚያውቀው ቃል ነው። ተቆጣጣሪን ደግሞ የአንበሳ አውቶቡስ ተሳፋሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ ድንገት ይገባል፣ ትኬት ያያል፣ የሌለውን ያስወርዳል። ማይክሮኮንትሮለር የሚባለው ቺፕም ሥራው ከዚህ አይርቅም፦ ይለካል፣ ከተሰጠው መመሪያ ጋር ያስተያያል፣ ትእዛዝ ይሰጣል። ስለዚህ «ደቂቅ ተቆጣጣሪ» ብንለው ያስኬዳል። የኮምፒውተር ፕሮሰሰር ማስታወሻውን ከውጭ ይፈልጋል፤ ይህኛው ግን ማስያውንም ማስታወሻውንም መግቢያና መውጫውንም አንድ ቺፕ ላይ ይዟል። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በ1974 እ.ኤ.አ. ለገበያ ካቀረበው ወዲህ ከልብስ ማጠቢያ እስከ መኪና ያልገባበት የለም።

ጥቅሙ ጎልቶ ከሚታይባቸው ዕቃዎች አንዱ የባትሪ ቻርጀር ነው። ቆራሌው ከየሰፈሩ ለቅሞ አዲስ ከተማ፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ከሚያደርሰው ዕቃ መካከል የተበላሸ ላፕቶፕ ይገኝበታል። የብዙዎቹ አሮጌ ላፕቶፖች ባትሪ ሲከፈት 18650 የሚባሉ ሊቲየም ባትሪዎች ይወጣሉ፤ ውፍረታቸው 18፣ ርዝመታቸው 65 ሚሊሜትር ነው። ከመካከላቸው ገና ያልሞተ አይጠፋም። እንዲህ ያለው ባትሪ መጀመሪያ በቋሚ ከረንት ይሞላል፤ 4.2 ቮልት ሲደርስ ቮልቴጁ እዚያው ይያዝና ከረንቱ እየሳሳ ይሄዳል፤ ከመነሻው አንድ አሥረኛ ሲቀረው ማቆም ነው። ከ3 ቮልት በታች የወረደውን አስቀድሞ በትንሽ ከረንት ማባበል ያስፈልጋል። ከልክ በላይ የሞላ ሊቲየም እሳት ሊያስነሳ ይችላልና ይህን ሁሉ የሚከታተል ደቂቅ ተቆጣጣሪ ቅንጦት አይደለም።

የኒኬል ባትሪ (መልኩ ከተለመደው የባትሪ ድንጋይ ጋር የሚመሳሰለው፣ ባለ 1.2 ቮልቱ) ጠባዩ ሌላ ነው። እየሞላ ሲሄድ ቮልቴጁ ይወጣና ጫፍ ላይ ሲደርስ መልሶ ጥቂት ሚሊቮልት ዝቅ ይላል፤ መሙላቱ የሚታወቀው በዚያች ዝቅታ ነው። ዲዛይነሩ የሚፈተነውም እዚህ ጋ ነው። አርዱዊኖ ኡኖ በተባለው የመለማመጃ ቦርድ ላይ ያለው ደቂቅ ተቆጣጣሪ፣ አትሜጋ 328፣ ከ0 እስከ 5 ቮልት ያለውን በ1024 እርከን ከፍሎ ያነባል፤ አንዱ እርከን 4.9 ሚሊቮልት ገደማ ይሆናል። የምንፈልጋት ዝቅታ ግን ከአንድ ወይም ከሁለት እርከን ላትበልጥ ትችላለች። ስለዚህ ደጋግሞ አንብቦ አማካይ መውሰድ፣ ባትሪው ጎን ላይም የሙቀት መለኪያ መለጠፍ ግድ ይላል፤ ባትሪ ከሞላ በኋላ የሚገባው ኤሌክትሪክ ሙቀት ሆኖ ይወጣልና።

ለእኛ አገር ዋናው ጉዳይ ግን መብራት ነው። ብዙ ርካሽ የኒኬል ቻርጀሮች የሚሠሩት በሰዓት ነው፤ የተወሰነላቸውን ያህል ሰዓት ሞልተው ይቆማሉ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ሌሊቱን ሁለት ሦስቴ ከተቆራረጠ የሞላው ባትሪ እንደ ባዶ ተቆጥሮ ሲግል ያድራል፤ ዕድሜው በዚሁ ያጥራል። አትሜጋ 328 ግን መብራት ቢጠፋም የማይረሳ 1 ኪሎባይት ማስታወሻ አለው፤ የት እንደደረሰ መዝግቦ ከዚያው መቀጠል፣ ከመቀጠሉ በፊትም ባትሪውን መለካት ይችላል። ይህን የሚያደርገው ግን እንዲያ ተብሎ ፕሮግራም ከተጻፈለት ብቻ ነው፤ ቺፑ በራሱ ብልሃት የለውም። ፕሮግራም ደግሞ ሊቆም፣ ሊንተባተብ ይችላል፤ ፊውዝ የሌለው ቻርጀር፣ ቺፑ የፈለገውን ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ እኔ ቤቴ አላስገባውም።

መርካቶ ወርዳችሁ ስትገዙ «ኦርጅናል ነው?» ከማለት «የሚያቆመው በሰዓት ነው በልኬት?» ብላችሁ ጠይቁ። ቤት ስትደርሱ የሞላ ባትሪ ክተቱበት፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ካላቆመና ባትሪውን ካጋለው መልሱት። የሊቲየም ቻርጀር ከሆነ 4.2 ቮልት የሚል ጽሑፍ ጀርባው ላይ ፈልጉ። የሊቲየምን ባትሪ የኒኬል ቻርጀር ውስጥ በፍጹም አትክተቱ።